ድንጋይ የማያበቅል ሜዳ

እዚህ ምድሩ ልሙጥ ነው፣ ድንጋይ አያበቅልም፤
ማረሻ ክንድ ቢወርድ አንድ ጠጠር አይነቅልም።
ጥቁር አፈር ብቻ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ፣
በቆሎና ተልባ፣ ነፋስ የሚያተራምስ፤
ከቦነስ አይረስ ወዲህ በአውቶቡስ አንድ ሌሊት፣
አያቶቼ ከኦዴሳ መጥተው ያቀኗት መሬት።

አባቴ ናውም ግን ያረጀው ድንጋይ ላይ፤
የጣቢያ ሹም ነበር፣ ከሐዲዱ የማይለይ።
ከሐዲዱ ሥር ያለው ያ ዘይት የጠጣ ጠጠር
በፉርጎ ተጭኖ ከተራራ አገር የመጣ ነበር።
ባቡሩ ከቀረ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም
አረንጓዴ ባንዲራውን ከሚስማሩ አላወረደውም።
ጠዋት ኮፍያውን ደፍቶ ሰዓቱን ይሞላል፤
“የአሥሩ ባቡር ዛሬም ትንሽ ዘገየ” ይላል።
እናቴ ጊትል ትስቅ ነበር። እሱ አይስቅም።

የሞተ ቀን መስተዋቱን በአንሶላ ሸፈንን፣
ልብሳችንን በልብ በኩል፣ በግራ፣ ቀደድን።
ሳጥኑ ተራ ጣውላ፣ ብረት ያልገባበት፣
ባለርስቱም ድሃውም አንድ ልክ የሚሆንበት።
ሰባት ቀን አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጥን፤
ጎረቤት የተቀቀለ እንቁላል ልጦ ሰጠን።
“እንቁላል ክብ ነው፣ አፍ የለውም” አሉን።
እኛም አፍ አልነበረንም።

ዓመቱ ሲሞላ ሐውልቱ ቆመለት፤
ፊቱን ነጭ ጨርቅ ሸፍኖት፣ ስሙን ደብቆለት።
የሐዘንተኛው ጸሎት፣ ሞት የሚል ቃል የሌለበት፣
ምስጋና ብቻ የሆነው፣ አሥር ወንድ ካልቆመበት
ጮክ ተብሎ አይባልም። ሰውንም እንደ በግ
አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር አይፈቅድም ወግ።
ዶን ፋይቬል ጥቅስ ጠራ፣ ያለው አሥር ቃል፣
አንዱን በአንዱ ራስ ላይ እንደ ቆብ ይደፋል፤
ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ሰው አለቀበት፣
አሥረኛው ቃል ከአፉ ተንጠልጥሎ ቀረበት።

የመቃብሩ ዘበኛ ኤውሴቢዮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
“እኔ አለሁ” አለ።
ሽማግሌው ትከሻውን ዳብሶ መለሰለት፤
“አንተማ አለህ፣ ወንድሜ፤ ቁጥሩ ነው የጎደለበት።”
“እኔም አለሁ” አላልኩም። ሴት መሆኔን ያውቃሉ።
ወንድሜ ሳውል ወደ ጨርቁ ጠቆመ፦ “አባቴስ? እሱ አይሞላም?”
“ሙት ከትእዛዝ ነፃ ነው፤ ከእንግዲህ ዕዳ የለበትም”
አለና የልብሱን ዘርፍ ወደ ሱሪው ከተተ፤
በማይችሉት ፊት ማሳየት ነውር ነው እያለ።

ጠበቅን። መንገዱ ላይ አቧራ ተነሣ፤
የእህል መኪና ነበር፣ አለፈ ሲያገሣ።
ሳውል ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤
“የአሥሩ” አለ ቀስ ብሎ፣ “ዛሬም ትንሽ ዘገየ።”
ያን ጊዜ ሳቅን፣ ዓመት ሙሉ ያልሳቅነውን።

ጨርቁ ወረደ። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ቀኑ፤
ከሥር አምስት ፊደላት፣ ሲፈቱ ምኞት የሚሆኑ፦
ነፍሱ በሕይወት ማሰሪያ ትታሰር።
ሳውል መዝሙር አነበበ። ያኛው ሳይባል ቀረ።

አበባ አንወስድም እኛ፤ የምናኖረው ድንጋይ ነው።
ከተሜው ዘመድ ሁሉ ኪሱን ዳበሰ፤ ያገኘው
ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ሳንቲም።
ጠጠር ፍለጋ ወደ እግርጌው ጎንበስ ስል
ሣሩ ውስጥ አየሁት፣ ተሰልፎ እንደ ሐዲድ፣
ጥቁር፣ ሹል፣ ዘይት የጠጣ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይርቅ፤
ቆጠርኩ፣ እንደ በግ ቆጠርኩ፤ ከሃምሳ በላይ ነው።
ኤውሴቢዮ መሬት መሬት ያያል።
“ዐርብ ዐርብ” አለ፤ “ከጣቢያው በኩል ስመጣ።
እናንተ ሩቅ ናችሁ።”

ስንወጣ በሩ ላይ እጅ ይታጠባል፤
ፎጣ አይነካም፣ ነፋሱ ያደርቀዋል።
እናቴ ሦስት ጊዜ በቀኝ፣ ሦስት ጊዜ በግራ አፈሰሰች፤
ደግሞም ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።
“አልለቀቀም” አለች፣ ለማንም ሳይሆን፤
“ማታ ቤት ሲገባ እንዲህ ነበር የሚሸተው።”